ቀለም ላይ የታሰረው ሽቦ

ባለፈው ወር ከገለምሶ ወደ ጭሮ ስመለስ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ በደሳን አልፎ ዳገቱን እንደጀመረ ሁለት ጊዜ ተንገጫግጮ ቀጥ አለ። ሹፌሩ ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩ ይሽከረከራል እንጂ አይነሳም፤ ደግሞ ቁልፉን ከፍቶ ጆሮውን ወደ ኋላ ሲያዘነብል እኔም ሳላስበው አብሬው አዘነበልኩ። ቁልፍ ሲከፈት ከነዳጅ ታንኩ ውስጥ ለአፍታ እምምም የሚለው የፓምፑ ድምፅ የለም። ከበደሳ የተጠራው ኤሌክትሪሽያን በጀርባው ከመኪናው ስር ገብቶ አንድ ብሎን ፈታና ቦታውን በቢላ ይፍቅ ጀመር። የቢላው የፍቅፋቂ ድምፅና የቤንዚኑ ሽታ አንድ ላይ ሲመጡብኝ ከተሳፋሪው ተለይቼ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። አባቴን ካሰብኩት ቆይቼ ነበር፤ በደግ ካሰብኩትማ ከዚያም የባሰ ቆይቻለሁ።

አባቴ ተሾመ የመኪና ኤሌክትሪሽያን ነበር። ከደብረ ብርሃን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሹፌር ሆኖ ነው የመጣው፤ ኋላ ግን ሥራውን ለቆ፣ ጭሮ ገና በብዙ ሰው አፍ አሰበ ተፈሪ በምትባልበት ዘመን፣ አስፋልቱ ዳር በቆርቆሮ የተከለለች ጋራዥ ከፈተ። የከተማው ሰው «ተሾመ ኤሌትሪክ» ይለዋል። ይህን ስም ከክርስትና ስሙ አብልጦ ይወደዋል፣ በመንገድ ሲጠሩትም እንደ ሹመት ነበር የሚቀበለው። «አላውቅም» የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም፤ እናቴ የወጡን ጨው ጠይቃው እንኳ ሳይቀምስ ይፈርድ ነበር።

ጎረቤታችን ጋሽ ጀማል የጫት ነጋዴ ናቸው። በሁለቱ ግቢ መሀል የቅንጭብ አጥር ነበር፣ አጥሩ ላይ ደግሞ በግ የምታሳልፍ ቀዳዳ፤ በዚያች ቀዳዳ እኔና የጋሽ ጀማል ልጅ ሐሊማ በቀን አሥር ጊዜ እንመላለሳለን። ቀሚሳችን ላይ የቅንጭቡ ነጭ ወተት ደርቆ ጥቁር ነጠብጣብ እየሆነ ከሁለቱም እናቶቻችን አንድ ዓይነት ስድብ ያስወርድብናል። የእነሱ ግቢ እርጥብ ጆንያና የኮባ ቅጠል ይሸታል። ማለዳ ጫቱ ሲታሰር ሴቶቹ በኦሮምኛ የሚቀላለዱት እኛ ቤት ድረስ ይሰማል፤ እናቴ ግማሹን ሳትረዳው አብራ ትስቃለች። ጫቱን በነጭ ፒክአፕ የሚያመላልሰው የሐሊማ ታላቅ ወንድም ኑረዲን ነበር፤ ዝምተኛ፣ ረጅም፣ መኪናውን ከሸሚዙ አብልጦ የሚያጥብ ወጣት።

የዚያ ፒክአፕ የነዳጅ ፓምፕ ተቃጠለና አባቴ አዲስ ገጠመለት። በዕለቱ ምሳ ላደርስ ጋራዥ ሄጄ ነበር። አባቴ ከመኪናው ስር ተኝቶ የፓምፑን ግራውንድ፣ ማለትም ከመኪናው አካል ጋር ታስሮ ኤሌክትሪኩን ወደ ባትሪው የሚመልሰውን ሽቦ፣ ሲያስር የድሮው ብሎን ዝጎ ኖሮ እጁ ላይ ተሰበረ። የብሎኑን እናት ሰደበና አጠገቡ ወፍራም ጥቁር ቀለም በተቀባው ብረት ላይ አጭር ብሎን አስገብቶ ሽቦውን አሰረው። ኤሌክትሪክ በቀለም እንደማያልፍ ያስተማረኝ ራሱ ነውና፣ ቀለሙን አትፍቀውም ወይ ብዬ ጠየቅኩት።

«ለጊዜው ነው። ነገ አስተካክለዋለሁ» አለኝ፤ ፓምፑም ሠራ፣ ነገም ተረሳ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ፒክአፑ ከመቻራ ሲመለስ መንገድ ላይ ቆመ። ሲያሻው ይነሳል፣ ሲያሻው ይጠፋል፤ የጫነው ጫት ገበያ ሳይደርስ ጠውልጎ ለፍየል ተጣለ። ኑረዲን ሌላ ሠራተኛ ዘንድ ቢወስደው ሰውየው ቴስተሩን ሰካ፤ አሥራ ሁለት ቮልት ይደርሳል፤ እንግዲያው ኤሌክትሪኩ ጤነኛ ነው፣ ፓምፑ ነው አሮጌ ብሎ ፈረደ። ጋሽ ጀማል ይህን ሰምተው ዝም የሚሉ ሰው አልነበሩም። ዓርብ ከሶላት በኋላ በመስጊዱ በር ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ተሾመ አዲሱን ፓምፕ ሸጦ አሮጌ ገጠመልኝ አሉ። ሌባ የሚለውን ቃል እሳቸው አላወጡትም፤ ከተማው አወጣላቸው።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሳምንታት ዛሬም ሲታወሱኝ ጥርሴ ይገጥማል። የቅንጭቡ ቀዳዳ ከእኛ በኩል በቆርቆሮ፣ ከእነሱ በኩል በእሾህ ተዘጋ። እናቴ የልብስ እጣቢዋን እነሱ በር ፊት መድፋት ጀመረች፤ የሐሊማ እናት ደግሞ ሬዲዮናቸውን አውጥተው አጥሩ ላይ ሰቅለው ፊቱን ወደ እኛ አዞሩት፤ ዜናውንም ዘፈኑንም በግድ እንሰማ ነበር። ዶሯችን አጥር ዘላ ገብታ አንድ እግሯ ተሰብሮ ተመለሰች። አባቴ መንገድ ላይ ጋሽ ጀማልን ሲያይ ምራቁን ይተፋል። እኔና ሐሊማ አንድ ዴስክ ነበርን፤ ሰኞ ጠዋት ስገባ ዴስኩን በጠመኔ መሀል ለመሀል አስምራው አገኘሁ። ክርኔ መስመሩን ባለፈ ቁጥር በእስክርቢቶ ትወጋኛለች፤ እኔም እርሳሷን ሰበርኩባት። ልጆች ከትልልቆች ጠብ ይማራሉ ይላሉ፤ እኛ አልተማርንም፣ ስንጠብቀው የኖርን ያህል በአንዴ ቻልንበት።

ጋራዡ ጭር አለ። ያኔ ሁለቱንም የሚያከብሩ ሼህ አደም የሚባሉ ሽማግሌ መሀል ገቡ፤ አባቴም ሽምግልናውን የምቀበለው መኪናው መጥቶ ሰው ባለበት ከተፈተሸ ነው አለ። ቅዳሜ ከሰዓት ፒክአፑ ተገፍቶ መጣ። ሰፈሩ ሁሉ ተሰበሰበ፤ እኔም በሰው እግር መሀል ሾልኬ ፊት ቆምኩ።

አባቴን በዚያ ቀን ሲሠራ ያላየ ሰው፣ ሲሠራ አይቶታል አይባልም። ፊውዙን አውጥቶ ለሽማግሌው አሳየ፣ አልተቃጠለም። ፓምፑን የሚያበራውን ሪሌ ቀይሮ ሞከረ፣ ያው ነው። ከዚያ ቴስተሩን ሰክቶ አሥራ ሁለቱን ቮልት አሳያቸውና፣ ይህ ቁጥር ሰው ያታልላል፣ ሽቦ ያለ ሸክም ሲለኩት ጤነኛ ይመስላል አላቸው። በፓምፑ ፋንታ ትልቅ የፊት መብራት አምፖል አሰረ። ቁልፉ ሲከፈት አምፖሉ ሊጠፋ እንደተቃረበ ከሰል ደብዝዞ ቀላ። ቀጥሎ አንድ ረጅም ሽቦ ከባትሪው ነጌቲቭ ስቦ በፓምፑ ግራውንድ በኩል ሲያገናኘው አምፖሉ ቦግ ብሎ ሰዉን ዓይኑን አስጨፈነው። ፓምፑን መልሶ ሲሰካውም እምምም አለ። ከሰዉ መሀል የአድናቆት ጉምጉምታ ተነሳ፤ እኔም ለአንዲት ደቂቃ የተሾመ ኤሌትሪክ ልጅ በመሆኔ ደረቴ ተነፋ።

«እንግዲህ ፓምፑ አዲስ ነው። የታመመው ግራውንዱ ነው» አለና ሊያሳያቸው ከመኪናው ስር ገባ።

ቆየ። ጎንበስ ብዬ አየሁት። ብሎኑን ፈትቶ በእጁ ይዟል፤ ራሱ ያልፋቀውን ጥቁር ቀለም አፍጥጦ ያያል። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ማስታወሴን አወቀ። ዓይኑን ሳይነቅልብኝ ቢላውን አወጣና ቀለሙን ብረቱ እስኪያበራ ፋቀው፤ ሽቦውን አሰረና ወጣ።

«ዝገት ነው» አለ ልብሱን እያራገፈ። «መኪናው ወንዝ ውስጥ ተነድቷል። ውሃ የጠጣ ግራውንድ እንዲህ ነው የሚሆነው።»

«ወላሂ፣ ወንዝ አልገባሁም» አለ ኑረዲን። ጎኔ ቆሞ ነበር።

ማንም አልሰማውም። ሼህ አደም ጋሽ ጀማልን በዓይናቸው ጠቀሷቸው፤ እሳቸውም መራራ እንደሚውጥ ሰው እየታገሉ የሰው ስም ስላጠፉ ይቅርታ ጠየቁ፣ የአባቴንም ትከሻ ሳሙ። ከዚያ ዞረው፣ ያ ሁሉ ሰው እያየ፣ የመኪናውን ቁልፍ ከልጃቸው እጅ ነጠቁ።

በዚያ ምሽት አባቴ ጥግብ ብሎ በላ። እኔን ግን አንድ ጊዜ ብቻ አየኝና አፌን እንድሰበስብ ነገረኝ። ሰበሰብኩ። ጋራዡ እንደገና ሞላ፤ ቆርቆሮውም እሾሁም ግን አልተነሱም፣ ምክንያቱም ተሳስቶ ይቅርታ የጠየቀ ሰው ከተበደለ ሰው ይልቅ ይቆጣል። ፒክአፑን የጋሽ ጀማል ወንድም ልጅ ያሽከረክረው ጀመር። ኑረዲን ከሳምንት በኋላ ወደ ድሬዳዋ ሄደ፣ ከዚያም ባሕር ተሻገረ ተባለ፤ ለዓመታት ድምፁ አልተሰማም። የሐሊማ እናት ሬዲዮኑን ከአጥሩ አንስተው ወደ ቤታቸው መለሱት፤ ልጃቸው ካለበት አገር ወሬ ይነገር እንደሆነ ሲያዳምጡ፣ እሱ ሳይመለስ ሞቱ። ለቅሶ አልደረስንም። አባቴ ከለከለን።

እሱም ታሞ በተኛበት ጊዜ አንድ ቀን ያን ነገር ላስተካክለው አስቤ ነበር ብሎ ጀመረኝ። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። ሰው ስለ ሞተ አባቱ የሚጸጸትበት ነገር አያጣም፤ እኔ በዚህ አልተጸጸትኩም።

ከበደሳ የመጣው ኤሌክትሪሽያን ሚኒባሱን አስነሥቶልን ጭሮ እንደገባሁ ቤቴ አልሄድኩም፤ የጋሽ ጀማል ግቢ በር ላይ ቆምኩ። እሳቸው ካረፉ ቆይተዋል፤ ቤቱን የያዘችው ሐሊማ ናት፣ ጤና ጣቢያ ትሠራለች። በሩን ከፍታ እጇን መቃኑ ላይ አሳርፋ ቆመች፣ ግቢ አላለችኝም። ያን ሽቦ ቀለም ላይ ያሰረው አባቴ እንደሆነ፣ እንዳየሁትም ነገርኳት።

«እናውቃለን» አለች። «ኑረዲን ያን ዕለት ማታውኑ ከመኪናው ስር ገብቶ አይቶታል። አባትሽ የፋቀው ቦታ ዙሪያው ሁሉ ደህና ቀለም ነው፣ አንዲት ነጥብ ዝገት የለበትም።»

ለምን አልተናገረም አልኳት።

«የሱን ቃል ማን ይሰማዋል? ያኔ ግን ጎንበስ ስትይ አይቶሻል። ‹ልጅቷ አውቃለች፣ እሷ ትናገራለች› ብሎ በራችን ላይ ተቀምጦ አንድ ሳምንት ጠበቀሽ። ከዚያ ሄደ።» ኑረዲን ተመልሶ መቻራ ጎማ እንደሚጠግን፣ አንድ ጆሮው እንደማይሰማ፣ ስለ እኛ ግን ጠይቆ እንደማያውቅ ነገረችኝ። ደህና ዋይ ብላ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

የአጥሩ ቦታ አሁን የብሎኬት ግንብ ሆኗል፤ በዚያ በኩል የሚያልፍ ልጅ የለም። አንድ እናት፣ አንድ ጓደኛ፣ የአንድ ሰው ወጣትነት፤ ሁሉንም ለማትረፍ ከእኔ የተፈለገው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፣ የጠበቀኝም ሰው ከደጃችን አሥር እርምጃ አይርቅም ነበር። እኔ ግን ያን ሳምንት ሙሉ፣ ሊመታኝ የተቀመጠ መስሎኝ፣ በጓሮ በኩል እየዞርኩ ነበር ትምህርት ቤት የምሄደው።