ስለ ቴሌስኮፕ የጻፍኩት ደብተር

እኔ ቂመኛ ሴት ነኝ። ይህን የምለው ልኮራበት ብዬ አይደለም፤ የማወራው ነገር ያለዚያ ስለማይገባችሁ ነው። ቦንጋ ውስጥ ፊዚክስ ማስተማር ከጀመርኩ ብዙ ዓመቴ ነው፤ በስብሰባ ላይ የሳቀብኝን ሰው ሁሉ ከነቀኑ አስታውሳለሁ።

ነገሩ የተጀመረው ከላብራቶሪያችን ቁም ሣጥን ውስጥ በተገኘች አንዲት ትንሽ ቴሌስኮፕ ነው። ማን እንደሰጠን የሚያውቅ የለም። አብሯት የመጣው ማኑዋል በቻይንኛ ነው፤ ከሥዕሎቹ በቀር የሚነበብ የለውም። ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ በዚች ጨረቃ ይታያል?» ሲሉኝ «እንዴታ!» አልኩ። እንዴት እንደሚታይ ግን እኔም አላውቅም። ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩኝ የሌንስ ቀመር እንጂ ዓይኔን የቱ ጋ እንደማደርግ አልነበረም።

ፍለጋ ጀመርኩ። ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። በእርዳታ የመጡ ወፋፍራም መጻሕፍት ሞልተዋል፤ ስለ ጥርስ ሕክምና አለ፣ ስለ በረዶ ጠረጋ እንኳ አለ፤ ስለ ቴሌስኮፕ ግን አንድም የለም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ! ስልኬ ላይ በአማርኛ «ኮከብ» ብዬ ስጽፍ የሚመጣልኝ «በዚህ ሳምንት የፍቅር ዕድልዎ» ነው። በእንግሊዝኛ ስፈልግ ደግሞ የሚያብራራው ሰውዬ ግማሹን ታውቁታላችሁ ብሎ ነው የሚጀምረው። ቪዲዮው ይሽከረከራል፣ ይሽከረከራል፣ ኔትወርኩ ይሄዳል፣ መብራቱም ይከተለዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ዋይፋይ ያለው ሆቴል በረንዳ ላይ በአንድ ማኪያቶ ግማሽ ቀን እቀመጥ ነበር። አስተናጋጇ ጠረጴዛዬን አምስቴ ትወለውላለች፤ ተነሺ ማለቷ ነው። እኔም ያልገባኝ መስዬ እቀመጣለሁ።

ያገኘሁትን ሁሉ በአንድ ደብተር በአማርኛ ጻፍኩት፤ እንደኔ አስተማሪ ለሌለው ጀማሪ። «መጀመሪያ በትንሹ የሚያጎላውን ሌንስ ግጠሙ። ጨረቃን ስትሞላ ሳይሆን ግማሽ ስትሆን እዩዋት፤ ጉድጓዶቿ ከነጥላቸው ይታያሉ። ወደ ፀሐይ በፍጹም እንዳታዞሩ፤ ዓይናችሁን ትበላዋለች።» በአፍ መፍቻ ቋንቋዬ በካፊኖኖ እያሰቡ፣ በእንግሊዝኛ እያነበቡ በአማርኛ መጻፍ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሁለት ክረምት ፈጀብኝ። እውነቱን ልናገር፣ በዕድሜዬ ከሠራሁት ሁሉ እንደዚያ ደብተር የምወደው አልነበረም።

ገጽ አሥራ አንድ ላይ ስለ ጽዳት ጻፍኩ። የእኛ አገር እርጥበት የታወቀ ነው፤ ክረምት ላይ አልጋ ሥር የተቀመጠ ጫማ በሳምንቱ ይሻግታል። ቴሌስኮፕም ያው ነው። እናም «ሌንሱም ሆነ መስታወቱ ሲደበዝዝ በእርጥብ ለስላሳ ጨርቅ ወልውሉት» አልኩ። የእኛዋ በሌንስ ብቻ የምትሠራ ስለሆነች ወልውያት ምንም አልሆነችም። በመስታወት የሚሠራ ዓይነት እንዳለ አንብቤአለሁ፤ በዓይኔ ግን አይቼው አላውቅም። ጽዳቱ አንድ መሰለኝ።

አንድ ቀን የትምህርት ቢሮ ባለሙያ ለሱፐርቪዥን መጣ። ደብተሬን አገላበጠና «እህቴ፣ ይሄ እኮ ትልቅ ሥራ ነው! ለአንድ ቀን ስጪኝ፣ ለኃላፊዎች ላሳይልሽ» አለኝ። ሞኝ ነኝና ሰጠሁት። አንዷ ቀን አራት ወር ሆነች። ስደውል ስብሰባ ላይ ነው፤ ስሄድ ፊልድ ወጥቷል። በስንት ልመና ሲመለስልኝ ሽፋኑ ላይ የሻይ ብርጭቆ ተቀምጦበት ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው አንድ ቪዲዮ እስከ መጨረሻው የተጫነልኝ። ለካ የቴሌስኮፕ መስታወት እንደ ቤት መስታወት አይደለም። የሚያንጸባርቀው ቅብ ከጀርባው ሳይሆን ከፊቱ ነው፤ ደግሞ እጅግ ስስ ነው። በጨርቅ ካሹት ይፋቃል፣ አለቀ፣ አይመለስም። ደነገጥኩ። ቀይ እስክሪፕቶ አነሣሁና አሮጌውን ሰርዤ «መስታወቱን በጨርቅ አትንኩ!» ብዬ ጻፍኩበት። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች የተባለችው እኔ ነኝ ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ።

በዓመቱ ከየወረዳው የሳይንስ መምህራን ለስልጠና ቦንጋ ተጠራን። መድረኩ ላይ ያው ባለሙያ ቆሟል። የታደለን ጽሑፍ ሽፋኑ ላይ «አዘጋጅ» ይልና ከሥሩ የሱ ስም ከነአያቱ ተጽፏል። ገለጥኩት። የኔ ነው! «ዓይናችሁን ትበላዋለች» የምትለዋ ሳትቀር። ጆሮዬ ጋለ። ሌባ ብዬ ልጮህ ምንም አልቀረኝ። ገጽ አሥራ አንድ ላይ ስደርስ ስህተቴ እንዳለ ቁጭ ብሏል፤ ለካ ያኔውኑ ኮፒ አድርጎታል። ደስ አለኝ። ምን እደብቃለሁ፣ ደስ አለኝ። «በርታ፣ የኔን ስህተት በስምህ አስተምር፤ አንድ ቀን በአደባባይ ትዋረዳለህ» አልኩ በልቤ። የሰው ወርቅ አያደምቅም።

አጠገቤ ከደካ አካባቢ የመጡ መምህር ተቀምጠዋል፤ ጡረታቸው የደረሰ፣ ዝምተኛ ሰው። ትምህርት ቤታቸው ትልቅ ቴሌስኮፕ እንዳለው፣ በመስታወት የሚሠራ እንደሆነ፣ በሱ ሳተርንን ከነቀለበቷ ለተማሪዎቻቸው እንዳሳዩ ነገሩኝ። አንዲት ተማሪያቸው አይታ ስታበቃ ውስጡ የተለጠፈ ሥዕል አለ ብላ ቱቦውን በእጇ ፈትሻለች። ይህን ሲያወሩ ፊታቸው በራ። አሁን ግን መስታወቱ በእርጥበት ደብዝዞ ሳተርን ጭጋግ ሆናለች። ወደ ስልጠናው የመጡትም ለዚሁ ነው።

በሻይ ዕረፍት ላይ ገጽ አሥራ አንድን ገልጠው መጡ። «ልጄ፣ አንቺ የፊዚክስ ሰው ነሽ። ይሄ በእርጥብ ጨርቅ ወልውሉ የሚለው ለእኛም ዓይነት ይሆናል? እኔ እንጃ፣ ፈራሁ።»

አይሆንም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ቀና ስል ያ ሰውዬ ከኃላፊዎች ጋር ለስላሳ ይዞ ይስቃል። አሁን ብናገር እርማቴንም ወስዶ በስሙ ያሳትመዋል ብዬ አሰብኩ።

«እኔ ምን አውቃለሁ ጋሼ፣ አዘጋጁን ይጠይቁት» አልኳቸው።

ጠየቁት። እሱ ደግሞ ምን ያውቅና! «በጽሑፉ መሠረት ይሂዱ» አላቸው።

ስልካቸውን ተቀብያለሁ። ማታውኑ እደውላለሁ አልኩ፤ አልደወልኩም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ እሳቸው ትዝ አሉኝ፤ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት። ሰኞ አልኩ። ሰኞ ሲደርስ፣ ለምን ያኔ አልነገርሽኝም ቢሉኝ ምን እላለሁ ብዬ ፈራሁ። እንዲህ እንዲህ ስል ሁለት ወር ሄደ።

ለጡረታ ጉዳይ ቦንጋ በመጡ ጊዜ ትምህርት ቤት ድረስ ፈልገውኝ መጡ። በፎጣ የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል። የመምህራን ክፍል ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ሲፈቱት መስታወቱ ነው። ቅቡ ክብ ክብ እየሠራ ተፍቋል፤ መሃሉ ላይ ምንም ስላልቀረ የጠረጴዛው እንጨት በውስጡ ይታያል።

«እጄ ከብዶ ነው መሰለኝ» አሉ። «ቀስ ብዬ ነበር እኮ። በአዲስ ነጠላ ነው የወለወልኩት። ልጆቹ ከበውኝ ሲያዩ እኔው በገዛ እጄ አጠፋሁት።»

የፎጣውን ጫፍ ሳብ አድርጌ መሃሉን ሸፈንኩት።

«ጡረታ ከመውጣቴ በፊት ሌላ ሰው ላስተምር ብዬ ነው። ከዚያ ጽሑፍ ሌላ፣ ለጀማሪ የሚሆን የሚነበብ ነገር አታጪም ብዬ መጣሁ» አሉኝ።

እምቢ የምልበት አፍ አልነበረኝም። ደብተሬን ከመሳቢያ አውጥቼ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ጀመሩ። ሦስት አራት ገጽ እንደሄዱ ቀና ብለው አዩኝ። «ይሄ ያንቺ ነበር እንዴ?» አሉ፤ ራሴን ነቀነቅኩ። «አይ ሰው!» ብለው ለኔ ተቆጩልኝ። ለኔ! ከዚያ ማንበባቸውን ቀጠሉ፤ እኔ የሚገልጡትን ገጽ እቆጥራለሁ።

አሥራ አንደኛው ላይ ቆዩ። ጣታቸውን በቀዩ ጽሑፍ ላይ አሳለፉ።

«ይህቺን መቼ ጻፍሻት?»

በቅርቡ ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «ከስልጠናው በፊት» አልኳቸው።

ደብተሩን ከደኑና ወደኔ ገፋ አደረጉት። መስታወቱን መልሰው ጠቀለሉ፣ ፎጣውን በደንብ ቋጠሩት፣ ተነሡ። እሸኝዎት ብል እጃቸውን አወዛወዙ። በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር አሉ፤ አልተቆጡም፣ ድምፃቸውም አልጨመረም።

«ልጄ፣ እኔ እኮ ጠይቄሽ ነበር» አሉኝ።