ጸጥታ ያወጅኩበት የኦፔራ ቀን

ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ነው። ጋምቤላ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው አዳራሽ ውስጥ፣ ሙቀቱ አናት ይበሳል... እኔ መድረክ ላይ ወጥቼ ማይኩን ኳ ኳ አደረግኩና «እንግዳችን አዚማ እስክትጨርስ ማጨብጨብ፣ መነሳት፣ ማውራትም ሆነ አብሮ ማዜም በጥብቅ የተከለከለ ነው!» ብዬ አወጅኩ።

በጥብቅ! ያኔ እንዲህ ነበርኩላችሁ። ክልሉ ክልል ከሆነ ገና ሁለት ዓመቱ ቢሆን ነው። እኔ ደግሞ ከደብረ ማርቆስ ተመድቤ የመጣሁ የባህል ባለሙያ። ቢሯችን ማኅተም ነበረው፣ ወንበር ላይ ግን በተራ ነበር የምንቀመጠው። ሥልጣን ያልለመደ ሰው ማይክ ሲይዝ አይጣል ነው።

እንግዳዋ አጁሉ ትባላለች። ኢታንግ አካባቢ የተወለደች የአኝዋ ልጅ ናት። ቤተ ክርስቲያን ስትዘምር አድጋ፣ አዲስ አበባ ሙዚቃ ተምራ፣ ከዚያ ቡልጋሪያ ሄዳ ሰባት ዓመት ኦፔራ አጠናች። ኦፔራ! እኔ ሬዲዮ ላይ ሲመጣ ጣቢያ የምቀይርበትን ነገር ማለት ነው።

የሥራ ታሪኳንና ቀጣይ ዝግጅቶቿን በታይፕ አስመትቼ ይዣለሁ። ከሁለት ወር በኋላ ሶፊያ፣ ቀጥሎ ፕራግ፣ ቀጥሎ ቪየና። ሳነበው እኔ የምሄድ ይመስል ደረቴ ተነፋ።

ከመድረክ ጀርባ ግን አጁሉ ክንዴን ይዛ አስቆመችኝ።

«እናቴ ይሄን ሥራዬን ሰምታው አታውቅም» አለችኝ። «ዛሬ ሰምታ ሂጂ ካለችኝ እሄዳለሁ። ተይው ካለችኝ... እተወዋለሁ።»

«ቪየናንስ?»

«ቪየናንም።»

ወይ ጉዴ! እኔ እኮ ለኃላፊዬ ሪፖርት አድርጌዋለሁ።

የጸጥታው ነገር ከራሷ የመጣ ነው። ጠዋት «እዚያ አውሮፓ ሰው እንዴት ነው የሚሰማሽ?» ብላት «ጸጥ ብሎ» አለችኝ። እኔ ምን ቸገረኝ፣ ሕግ አደረግኩት።

ፒያኖ ስለሌለ አጃቢ ሙዚቃው በካሴት ተከፈተ። ማይኩን ሳቀብላት «አያስፈልገኝም» አለች። ጉራ መስሎኝ ነበር... ይቅር ይበለኝ! አፏን ስትከፍት ቆርቆሮው ነዘረ። ከዚያች ቀጭን ልጅ ያ ድምፅ ከየት እንደሚወጣ እግዜር ይወቀው። ደጅ ማንጎው ሥር የነበሩት ሰዎች እየተነሱ መስኮቱን ሞሉት። ጣልያንኛ ነው፣ አንድም ቃል አልገባኝም፣ ግን እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

አዳራሹ ጭጭ አለ። ዘበኛው እንኳ ሳሉን ዋጠ። እኔም በሥራዬ ኮራሁ።

ድንገት ከፊተኛው ረድፍ እናቷ ተነሱ። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ወደ ሕዝቡ ዞሩና በአኝዋ ቋንቋ መጮህ ጀመሩ።

የቢሮ ባልደረባዬ ኦኬሎ አጠገቤ ነበር። እሱም አኝዋ ነው፣ በዚያ ላይ የመዘምራን መሪ። «ምን እያሉ ነው?» አልኩት።

«"ልጄ ምን አጠፋች?" ትላለች።»

«ምን?»

«"ይሄ ሁሉ ሰው ቁጭ ብሎ ለምን ብቻዋን ተዋት? ልጄ ሰው የላትም?" ነው የምትለው። እኛ ጋ አንዱ ዜማ ካነሳ ሌላው ይቀበላል። ዝም ካሉት ተጣልተውታል ማለት ነው።»

«ታዲያ አንተ ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም?!»

«አንቺ በጥብቅ አልሽ።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሰባት ዓመት ጠብቀው የመጡ እናት ፊት ልጃቸውን ሕዝብ ያኮረፋት ያስመሰልኩ እኔ ነኝ። ከፊት የተቀመጠው ኃላፊዬ አየኝ። እኔ ወረቀቱን አየሁ... ሶፊያ፣ ፕራግ፣ ቪየና።

እናትየው ግን የማንንም ፈቃድ አልጠበቁም። የልጃቸውን የመጨረሻ ስንኝ ዜማ ያዙና በወፍራም ድምፃቸው መለሱላት። አጁሉ ድምፅዋ ተቆረጠ። ከዚያ በእጇ ቴፑን አጥፊው አለችኝ። ሮጬ አጠፋሁት።

እንደገና ከመጀመሪያው አነሳችው፣ ቀስ ብላ፣ ስንኝ በስንኝ። አንድ ስንኝ ትልና ትጠብቃለች። ኦኬሎ ብድግ ብሎ ተቀበላት። አብረውት የመጡት መዘምራኑም ተከተሉት። ከዚያማ አዳራሹም መስኮቱም በሙሉ ተቀባይ ሆነ። ያንን ዜማ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ ሕዝብ ድምፅ ከፍሎ፣ ወንዱ ከሥር ሴቱ ከላይ ሆኖ ሲመልስላት... እኔ እንደዚያ ያለ ነገር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። እኔም ተቀበልኩ። አዋጄን በገዛ አፌ ሻርኩት።

ሲያልቅ እናት ልጃቸውን እጇን ይዘው አንድ ነገር ጠየቋት። ኦኬሎ ተረጎመልኝ።

«"የምትሄጂበት አገርም ሰዉ ዝም ብሎ ነው የሚያይሽ?" አለቻት።»

አጁሉ የእናቷን እጅ ሳትለቅ መለሰች። ኦኬሎ ይህንንም ተረጎመልኝ።

«"ተመልካቹ አዎ፣ ዝም ይላል። ግን መድረኩ ላይ ከኋላዬ አርባ ሰው ቆሞ ይቀበለኛል" አለቻት።»

«አርባ?» አሉ እናትየው። ይቺን በአማርኛ ነው ያሉት፣ እኔን እያዩ። ምስክር ፈልገው ነው።

አይቼው አላውቅም። ግን «አርባ ነው እናታችን!» አልኩ።

አሰቡ... አሰቡ... «አርባ ትንሽ ነው» አሉ። «ይሁን፣ ሂጂ።»

ከወራት በኋላ ቢሮ በእኔ ስም ፖስት ካርድ መጣ፣ ከቪየና። አጁሉ ናት። «ዛሬ ከኋላዬ ስልሳ ነበሩ። ለእናቴ ንገሪልኝ» ይላል። ኦኬሎን ይዤ በዚያው ቀን የጭነት መኪና ላይ ተሳፍሬ ኢታንግ ወረድኩ። እናትየው ካርዱን አገላብጠው አዩትና ደረታቸው ላይ ለጥፈው ያዙት።

«አሁን ሰው አላት» አሉ።

እኔም ከዚያ ወዲህ ማይክ ሲሰጡኝ በጥብቅ የማዘው አንድ ነገር ብቻ ነው... «ተቀበሉ!»