የደበቅኋቸው ሦስት ማኅደሮች

ይህን ነገር ለሰው ተናግሬው አላውቅም። የንስሐ አባቴ ፊት ስንት ጊዜ ተንበርክኬያለሁ፤ ጾም መግደፌን ነግሬያቸዋለሁ፣ በሐሰት መማሌን ነግሬያቸዋለሁ። ይህችን ግን ሁልጊዜ ዘልዬ አልፋታለሁ። ለምን? ስም ስላጣሁላት ይመስለኛል። አልሰረቅሁም፤ አልገደልሁም። ሰዓት ይዤ ቆሜ አንዲት እናት በቦታው የሌለ ነገር ሲፈልጉ ተመለከትሁ። ያደረግሁት ይኸው ነው። እርስዎ የሚያነቡኝ ሰው፣ ሰምተው ይፍረዱ።

ቢፒአር የሚሉት የአሠራር ለውጥ በየመሥሪያ ቤቱ የገባበት ጊዜ ነበር። እኔ ፍኖተ ሰላም ውስጥ በአንድ የመሬት ጉዳይ መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ከደብረ ታቦር የመጣሁ አዲስ ምሩቅ ነኝ፤ አገሩን ገና አላውቀውም፤ ከሁሉ የማውቅ ግን ይመስለኝ ነበር። መዝገብ ቤቱን የሚጠብቁት እትዬ ይታይሽ ይባላሉ። ኮምፒውተር የለንም፤ እሳቸው ግን የየቀበሌውን ገበሬ ማኅደር በቃላቸው ያውቁታል። ገበሬው ስሙን ተናግሮ ሳይጨርስ እጃቸው መደርደሪያው ላይ ነው።

አንድ ቀን ከማንኩሳ የመጡ አዛውንት ጉዳያቸውን እንድመለከትላቸው ለመኑኝ። ለምሳ ቸኩያለሁ። ከወንበሬ እንኳ ሳልነሳ፣ ማኅደርዎ የለም፣ በሚቀጥለው ሳምንት ይመለሱ አልኋቸው። እትዬ ይታይሽ ማኅደሩን ይዘው ከኋላዬ ብቅ አሉ።

«ይኸው ልጄ» አሉ። «ዓይን የተሰጠን እኮ እንድናይበት ነው።»

ድምፃቸውን አላነሱም፤ ክፉም አልተናገሩም። ወረፋ የያዘው ገበሬ ግን ሳቀ። ባልደረቦቼም ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ስሜ «ዓይናማው» ሆነ። የቅኔ አገር ነውና አንዱ ስም ሁለት ስለት አለው፤ ሊቁ ማለታቸው ነው ብዬ እንዳልኮራበት ዕውሩ ማለታቸው እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ የዋሸሁት ውሸት አላሳፈረኝም። የተያዝሁት መያዝ ግን አንገበገበኝ፤ ቂሙንም ያዝሁ።

ለሥልጠና ባሕር ዳር ተላክሁ። ስመለስ የአጥኚው ቡድን ሰብሳቢ ሆንሁ። ሥራውን ሁሉ ከሥሩ መንቀል፣ ለተገልጋዩ የማይጠቅመውን እርምጃ መቁረጥ፣ የቀረውን እንደ አዲስ መቀጠል ነበር የተማርነው። እውነቱን ልናገር፤ ለውጡ ያስፈልግ ነበር። ገበሬው ለአንዲት ፊርማ እርሻውን ትቶ ሦስት አራት ጊዜ ይመላለስ ነበር፤ ያን እንግልት አስቀርተንለታል። እንግዲህ ጥፋቴን በቢፒአር አላላክክም። ገበሬውን ባሳረፈ ሥራ ሰው ያጠፋሁበት እኔ ነኝ።

የየክፍሉን ሥራ በሰዓት ለካን። ሁሉም ዘገየ፤ ኃላፊያችንም ዘገየ። መዝገብ ቤት ብቻ ፈጠነ። የገበሬ ስም ስጠራ ማኅደሩ ጠረጴዛው ላይ ነው። የቡድኑ አባላት ለእትዬ ይታይሽ አጨበጨቡላቸው። እኔ ግን ውጤቱ የተጻፈበትን ወረቀት አጥፌ ኪሴ ከተትሁና ልኬቱ ነገ ይደገማል አልሁ።

በማግሥቱ ሰው ለምሳ ሲወጣ ወደ መዝገብ ቤት ገባሁ። ሦስት ማኅደር አወጣሁ። መሳቢያዬ ውስጥ ከትቼ ቆለፍሁባቸው። ምሳዬንም በላሁ።

ከሰዓት በኋላ ቡድኑን ይዤ ገባሁና ሦስቱን ስሞች አከታትዬ ጠራሁ። እትዬ ይታይሽ ፈገግ ብለው ወደ መጀመሪያው መደርደሪያ ሄዱ። እጃቸውን ሰደዱ። መለሱት። ጎንና ጎኑን አዩ። ከዚያ ወደ ሁለተኛው። ከዚያ ወደ ሦስተኛው። በርጩማ ላይ ወጡ፤ ወረዱ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። አቧራው ከላባቸው ጋር ተደባልቆ ፊታቸው ላይ ወረደ።

«እኔ ነኝ ያስቀመጥሁት፤ በዚህ በእጄ» ይላሉ።

«ሰዓቱ እየሄደ ነው፣ እትዬ» እላለሁ።

ከቡድኑ አንዷ ልጅ ይብቃቸው ብላ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። አላበቃሁም። ደስ ይለኝ ነበርና አላበቃሁም። ይህን ቃል ስጽፍ ብዕሩን ሁለት ጊዜ አስቀምጬ አንስቼዋለሁ፤ ቢሆንም እውነቱ ይኸው ነው፣ ደስ ይለኝ ነበር። መሥሪያ ቤቱ እስኪዘጋ አስፈለግኋቸው።

በነጋታው ማለዳ ማኅደሮቹን የሌላ ቀበሌ መደርደሪያ ውስጥ ሸጉጬ፣ ሰው ሁሉ ባለበት ራሴ «አገኘኋቸው»። እሳቸው ባገኘሁበት ቦታ ላይ አፍጥጠው ቀሩ።

ጥናቱ ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት አዳራሽ ቀረበ። ሌላውን ክፍል በስሙ ስጠራ መዝገብ ቤትን በእትዬ ይታይሽ ስም ጠራሁ። የዘመኑ ልማድ ነውና ግለ ሂስ ያድርጉ ተባሉ። ይሟገቱኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን ተነሥተው፣ እጃቸውን አጣምረው፣ «ጥፋቱ የኔ ነው። አእምሮዬ እየከዳኝ ነው መሰል። ሰው ሳልበድል ስላወቃችሁልኝ እግዜር ይስጣችሁ» አሉና ተቀመጡ።

አመኑ። ገባዎት? ሥራቸውን ልወስድባቸው ነበር ያሰብሁት፤ ራሳቸውን ወሰድሁባቸው።

በአዲሱ ድልድል ቦታ አጡ። ቦታ ያጣ ሠራተኛ «ተንሳፋፊ» ይባል ነበር፤ ጠዋት ይፈርማል፣ ማታ ይፈርማል፣ በመካከሉ በረንዳ ላይ ይቀመጣል። እትዬ ይታይሽም ተቀመጡ። አንድ ቀን ሳልፍ ጠሩኝ።

«እስቲ ፈትነኝ፣ ልጄ» አሉኝ። ድምፃቸው የተማሪ ድምፅ ሆኗል። «የቄስ ሙሉ ማኅደር፤ እንደገቡ በስተቀኝ፣ ሁለተኛው መደርደሪያ፣ ከታች አራተኛው ረድፍ። ልክ ነኝ ወይስ ተሳሳትሁ?»

ገብቼ አየሁ። እንደገቡ በስተቀኝ፣ ሁለተኛው መደርደሪያ፣ ከታች አራተኛው ረድፍ። እዚያው ነበር። በእጄ ነካሁት። ቂሜ እንኳ በዚያን ጊዜ አልቆ ነበር፤ የቀረኝ ፍርሃት ብቻ ነበር። አእምሯቸው ደኅና ከሆነ፣ ማኅደሮቹን ማን ደበቃቸው ይባላል? ወጣሁና «አይደለም፣ እትዬ። ተሳስተዋል» አልኋቸው።

የመጀመሪያውን ቂም ሠራው ልበል። ይህን ማን ሠራው? እኔ። ማንም ሳያስገድደኝ፣ ማንም ሳያየኝ፣ እኔ።

«እንግዲያስ ሄዷል» አሉ፣ ግንባራቸውን በጣታቸው ነካ አድርገው። ሌላ አልጠየቁኝም።

በወሩ ሥራቸውን ለቀቁ። ልጃቸው ማስተዋል ግሽ ዓባይ ጠበል ወስዳቸው እንደነበር ሰማሁ። በሌለባቸው ደዌ፣ በዚያ ብርድ፣ ሱባዔ ገብተው ተጠመቁ። ሲመለሱም ከሰው ሸሹ አሉ። የጎረቤት ስም አሳስቼ እንዳልጠራ ብለው መጥራቱን ተዉ። የጽዋ ማኅበራቸውን ተራዬን እረሳለሁ ብለው ተሰናበቱ። በር ዘግተው፣ «ዘግቼዋለሁ? አይተሽኛል?» እያሉ ልጃቸውን ያስመሰክሩ ነበር። እኔስ? እኔማ ቡሬ የሥራ ሂደት መሪ ሆኜ ተሾምሁ። ወንበሬም የሚሽከረከር የሹም ወንበር ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ ማረፋቸውን ሰማሁ። ለተዝካራቸው ከቡሬ መጣሁ። ለምን እንደመጣሁ ዛሬም አላውቅም፤ ልናገር ይሆን? ድንኳኑ ውስጥ ገና ከመግባቴ ማስተዋል አወቀችኝ። ከዘመድ ተርታ አስቀመጠችኝ።

«እናቴ እስከ መጨረሻው ስምዎን ታነሣ ነበር» አለችኝ። «ሁላችን ደኅና ነሽ እያልን ስናባብላት፣ እውነቱን የነገረኝ እሱ ብቻ ነው ትል ነበር። እግዜር ይስጥልን።»

ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ልትስም ስትል ትከሻዋን ይዤ አነሣኋት። ፊቷ ከፊቴ አንድ ክንድ አይርቅም። እናትሽ ምንም አልነበረባቸውም ለማለት ያች ደቂቃ ትበቃኝ ነበር። የሕይወት ዘመኗን ያንን ደዌ በራሷ ላይ እየጠበቀች እንዳትኖር ያድናት ነበር። «አሜን፤ ነፍሳቸውን ይማር» አልሁ። እንጀራው ቀረበ፣ ወጡ ወጣ፣ እኔም በላሁ። ይቅር በሉኝ አልልም፤ ይቅር ማለት የሚችሉት አፈር ለብሰዋል፣ የቀረችው ደግሞ ታመሰግነኛለች። በልጅነቴም አላመካኝም። በዚያ ድንኳን ውስጥ ጸጉሬ ሸብቶ ነበር፤ አፌንም የከፈትሁት ለመጉረስ ብቻ ነው።