የተረፈው ካፕሱል

ነርሷ ስትጠይቀኝ «ምንም አልወሰዱም» ያልኩት ለምን ነበር? ይኸው ፀጉሬ ሸብቶ መልሱን ዛሬም አላውቀውም።

ጥያቄውን የቀሰቀሰችብኝ የወንድሜ ልጅ ሐና ናት። ፋርማሲ ትማራለች። ባለፈው ወር ለእረፍት ቦንጋ መጥታ፣ ምሳ ላይ ስለ ትምህርቷ ታወራኝ ነበር።

«አክስቴ፣ አንዳንድ ሰው አንጀት ውስጥ የልብ መድኃኒቱን፣ ዲጎክሲንን፣ ከጥቅም ውጭ የሚያደርጉ ባክቴሪያዎች አሉ። ሐኪሙ ኪኒኑ አልሠራ ሲለው መጠኑን ይጨምራል። ሰውየው ለሌላ ሕመም አንቲባዮቲክ ሲውጥ ባክቴሪያዎቹ ያልቁና መድኃኒቱ እንዳለ ደሙ ውስጥ ይገባል። ያኔ መርዝ ይሆናል። ያስመልሰዋል፤ ሁሉ ነገር ቢጫ ሆኖ ይታየዋል።»

የጎረስኩትን ቆጮ ሳልውጥ ተነስቼ ጓሮ ተፋሁት።

ትምህርት የጀመርኩት በአሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ከትውልድ ቀዬዬ ከዋጫ ወደ ቦንጋ መጥቼ አጎቴ ጋሽ ተሰማ ቤት እየኖርኩ፣ ከሕፃናት ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ስድስተኛ ክፍል ስደርስ የቤቱ መድኃኒት ሁሉ በእጄ ገባ። የጋሽ ተሰማን የልብ ኪኒን፣ ያንኑ ዲጎክሲን፣ ሰዓት ጠብቄ የምሰጥ እኔ ነበርኩ። አልሠራ እያለ መጠኑ ሁለት ጊዜ ተጨምሮላቸው ነበር። በዚያ ዘመን የተረፈ የአንቲባዮቲክ ካፕሱል የሚጥል ቤት አልነበረም፤ ለጎረቤት ሳይቀር ይታደላል። እኔ ግን በብልቃጥ አድርጌ፣ በቆንጆ እጅ ጽሑፍ «ለተቅማጥ» ብዬ ለጥፌበት ነበር። እንዴት እኮራበት እንደነበር!

አንድ ክረምት፣ ዝናቡ መንገዱን ቀይ ጭቃ ባደረገበት ሰሞን፣ ጋሽ ተሰማን ተቅማጥ ያዛቸው። ሚስታቸው እትዬ ብርነሽ «ያን ካፕሱልሽን አትሰጪውም?» አሉኝ። በቀን አራት ጊዜ፣ አምስት ቀን ሰጠኋቸው። ተቅማጡ ቆመ፤ ተመሰገንኩ።

ጥቂት ቀናት ቆይቶ ጋሽ ተሰማ ሳህናቸውን ገፋ አደረጉ።

«ምነው ቆጮው ላይ እርድ ነሰነሳችሁበት?»

«ኧረ ምንም የለበትም፣ ጋሼ።»

«ወተቱስ? እሱም እርድ ነው? እንግዲህ የቀረሁት እኔ ነኝ፤ እኔንም ከወጡ ጨምሩኝ!»

ሳቅን። እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ ማስመለስ መጣ። አረንጓዴ፣ የሚዝለገለግ፣ ቆጮ የሚብላላበት ጉድጓድ ከጊዜው በፊት ሲከፈት የሚወጣው ዓይነት ሽታ ያለው። ሳህኑን ስይዝላቸው ትንፋሼን ይዤ ፊቴን አዞር ነበር። አፋቸውን ጠርጌ ደግሞ ያንኑ የልብ ኪኒን አጎርሳቸዋለሁ፤ በሰዓቱ፣ አንድም ሳላዛንፍ። ዛሬ የሚያቅለሸልሸኝ ትውከቱ አይደለም። ያ ሰዓት አክባሪነቴ ነው።

በጎረቤት መኪና ጭቃውን እየተንሸራተትን ሐኪም ቤት አደረስናቸው። ነርሷ እስክሪብቶዋን ይዛ፣ «ከልብ ኪኒናቸው ሌላ የወሰዱት ነገር አለ?» አለችኝ።

ብልቃጡ ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ነበር። «ምንም አልወሰዱም» አልኳት። ጻፈችው። በማግስቱ አረፉ።

ብናገር ይተርፉ ነበር? ምናልባት ነርሷም ነገሩን ባላወቀችው። ግን የእሷን ጥያቄ የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ሐና በሄደች ማግስት እትዬ ብርነሽ ዘንድ ሄድኩ። አርጅተዋል፤ አልጋ ላይ ናቸው፤ ጆሯቸው ግን ደህና ነው። አጠገባቸው ተቀምጬ ካፕሱሉንም፣ ነርሷንም፣ ኪሴ ውስጥ የነበረውን ብልቃጥም አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው።

«ያኔ ሐኪም ቤት ከበሩ ኋላ ቆሜ ነበር» አሉኝ። «ምንም አልወሰዱም ስትዪ ሰምቼሻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ፣ እትዬ?»

«ስጪው ያልኩሽ እኔ አይደለሁ?»

ያን ሁሉ ዓመት አንድ ማዕድ ስንቆርስ፣ እሳቸው እኔ እስክናገር ሲጠብቁ ኖረዋል። እጃቸውን ልይዝ ስዘረጋ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ ልክ እኔ ያኔ ሳህኑን ይዤ እንዳዞርኩት።