በመቅዘፊያ የተሰማ ሞተር

ተማሪዋ መጀመሪያ ልብ ያለችው ጥርሳቸውን ነው። የድምፅ ማጉያ ጠጋኙ ሽማግሌ የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ በተከፈተ ማጉያ ላይ ተክለው፣ እጀታውን በፊት ጥርሳቸው ነክሰው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆመዋል። ለእሷ አንዳች ነገር አልተሰማትም።

«ውስጡ ያለው የሽቦ ጥቅል እየታከከ ነው» አሉ ካቻቢቴውን ከአፋቸው አውጥተው።

«በጥርስዎ ነው የሰሙት?»

«ታዲያስ! ሰፈሩ ‹የጥርስ ሐኪሙ› ነው የሚለኝ። ጥርሱ ያለቀው ጎረቤቴማ ‹ያንተን ሥራ ብይዝ ኖሮ ረሃብ ይጨርሰኝ ነበር› ይላል። ምን አመጣሽ ልጄ?»

ያመጣችው ገመዱ የተበጠሰ የውሃ ውስጥ ማይክሮፎን ነበር። ለመመረቂያ ጽሑፏ የሐይቁን ድምፅ እየቀዳች ነው። ዓሣ እንደሚያጉረመርም፣ ድምፅም በውሃ ውስጥ በአየር ከሚሄደው አራት እጥፍ እንደሚፈጥን እየተጣደፈች ነገረቻቸው። እሳቸው ማይክሮፎኑን በመዳፋቸው እንደ ጫጩት ይዘው አገላበጡት።

«አባቴ ዓሣ አጥማጅ ነበር» አሉ። «የመቅዘፊያውን ሰፊ ጫፍ ውሃ ውስጥ ይከትና እጀታውን መንጋጋው ላይ ያስደግፋል። ዓሣውንም፣ የሩቅ ጀልባውንም ይሰማል። እኔንም አስተማረኝ።»

ገመዱን ቀጠሉት፤ ውሃ እንዳይገባው በጎማ አሸጉት። ከዚያ እንደ ልጅ አንገታቸውን ደፍተው «አንድ ቀን አብሬሽ ልሂድ?» አሏት። ሐይቁን ካዩ አርባ አምስት ዓመታቸው ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ከጀልባ ማቆሚያው እንጨት ላይ ተቀምጠው ነገሯት። አሥራ ሰባት ዓመታቸው ሳለ፣ ታላቅ ወንድማቸው አዲስ ሞተር በገጠመለት ጀልባ በጉም ወጣ። እናታቸው ዳር ቆማ «እስቲ ስማልኝ» አለቻቸው። በመቅዘፊያው ሰሙ፤ ሞተሩ ይሄዳል። ድንገት ቀጥ አለ።

«‹አጥፍቶ መረቡን እየጣለ ነው፣ ነይ እንግባ እማ› አልኳት። ገብተን ምሳ በላን። ጀልባውን ወደ ማታ ተገልብጦ አገኙት።»

ተማሪዋ ማይክሮፎኑን ጭኗ ላይ አኖረች።

«አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው» አሉ። «ሰው ያጠፋው ሞተር ድምፁ እንደዚያ ድንገት ቀጥ የሚል ከሆነ፣ ማንም ይሳሳት ነበር። ካልሆነ ግን…»

ማይክሮፎኑን ወደ ውሃው አወረደች፤ የጆሮ ማዳመጫውን አጠለቀችላቸው። ለቀረጻው የተከራየችው ጀልባ ነጂ ራቅ ብሎ ሄደና እጇን ስታነሳ ሞተሩን አጠፋ። «ይድገመው» አሉ። ደገመ። «አሁንም አንዴ ብቻ፣ እባክሽ።»

ከሦስተኛው በኋላ ማዳመጫውን ቀስ ብለው አወለቁ።

«ሲያጠፉት ይረግባል» አሉ። «እንደ ደከመው ሰው ነው፤ እያቃሰተ ነው የሚቀመጠው። የዚያን ቀን ግን ክር በመቀስ እንደመቁረጥ ነበር።»

«ጋሼ፣ ልጅ ነበሩ እኮ! በእንጨት ነው የሰሙት!»

«በእንጨትም ቢሆን ሰምቼዋለሁ። እንዲያውም ገርሞኝ ነበር።» ውሃውን አዩት። «ርቦኝ ነበር ልጄ።»

ገመዱን ሳያጣምሙ፣ ክብ በክብ አድርገው ጠቅልለው አቀበሏት። «ከቀጠልኩት ጋ እንዳትጎትቺው» አሉና ተነሡ። ጫማቸው ሳንቃውን እያንቋቋ፣ ከዚያም በጠጠሩ ላይ እየተንሿሿ ራቀ።

«ጋሼ!» ብላ ተጣራች። የላላች ብሎን እንኳ የሚሰሙት ሰውዬ ዞር አላሉም።