በተሞላ ማዕድ ፊት የራበኝ ሳምንት

ሰባ ዓመት አልፎኛል፤ እግሬ ግን ዛሬም ተቀመጪ አይለኝም። አሜሪካ፣ ፎርት ዎርዝ ከተማ ውስጥ ብቻዬን የምኖርባት፣ አንድ መኝታ ያላት አፓርትመንት አለችኝ። ጠዋት ቆልፌያት እወጣለሁ። ወዴት እንደምሄድ የሚያውቀው እግሬ ነው። በዚህ አገር በእግሩ የሚሄድ ሰው ሁሉ የተቸገረ ይመስላቸዋል፤ መስኮታቸውን ዝቅ አድርገው ደህና ነሽ ወይ ይሉኛል። ደህና ነኝ እላለሁ። እንግሊዝኛዬ እስከዚያ ድረስ ነው፤ ለመንገድ ይበቃል።

የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼ የቤት ሥራቸውን ሲሠሩ አጠገባቸው ሽንኩርት እየላጥኩ ነው። ስለዚህ የምጽፈው እንደማወራው ነው፤ ያልጣመው ይተወው።

ነገሩ የጀመረው አንድ ቀን ራቅ ብዬ ሄጄ፣ ነዳጅ ማደያ ጥላ ሥር ዐረፍ ያልኩ ጊዜ ነው። ባለሱቁ ደግ ሰው ነው፤ ውሃ ሰጠኝ፤ ስልኬንም ተቀብሎ ለልጄ ደወለላት። ልጄ ራቅ ብላ፣ ማኪኒ የምትባል ከተማ ነው የምትኖረው። ነርስ ናት። ሺፍቷን ለሰው ትታ፣ ያን ሁሉ ሃይዌይ ነድታ መጣች። ጠፍቼ አልነበረም፤ ደክሞኝ ነው። እሷ ግን አመድ መስላ ነው ከመኪናዋ የወረደችው። ከዚያ ቀን ወዲህ ወሬዋ ሁሉ ከእኔና ከባሌ ጋር ኑሪ ሆነ። እቤቷ ታች ያለውን ክፍል ቀለም አስቀባችልኝ፤ መጋረጃ ሰቀለችልኝ። ሳታደርግ የቀረችው ነገር ቢኖር እኔን መጠየቅ ብቻ ነው።

የአፓርትመንቴ ሊዝ፣ የኪራይ ውሉ ማለት ነው፣ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ዕረፍት ወሰደችና፣ እኔንና ኮሌጅ የምትማረዋን ልጇን ይዛ ሜክሲኮ ሄደች። ካሪቢያን ባሕር ላይ ያለች ትንሽ ሆቴል ነው የያዘችው። ዳላስ ኤርፖርት አውሮፕላኑን ስንጠብቅ እጄን ያዘችና፣ ነገር ልታወጣ እንደሆነ ገባኝ።

«እማዬ፣ አልደብቅሽም» አለችኝ። «ይህን ሳምንት ሳትጠፊ፣ ሳትወድቂ ከቆየሽ ሊዙን አሳድስልሻለሁ። አንድ ነገር ከሆንሽ ግን በቃ፤ ዕቃሽን እናወጣለን። ኦኬ?»

ሊዙን በየዓመቱ የምታሳድሰው እሷ ናት፤ ወረቀቱ የሚመጣው በእሷ ስልክ ነው። ወልጄ ያሳደግኳት ልጅ ፈተና አወጣችልኝ። ኦኬ አልኩ። በሆዴ ግን፣ ባሕር ቀርቶ በረሃ ብትወስጂኝ በእግሬ ቆሜ ነው የምመለሰው አልኩ።

ሆቴሏ ስምንት ክፍል ብቻ ናት። ጣሪያዋ የዘንባባ ቅጠል ነው። አሸዋው እስከ መኝታ ቤቱ ደፍ ይደርሳል፤ ባሕሩ ደግሞ በየቀኑ ቡናማ አረም ይተፋል፤ ሠራተኞቹ ሲነጋ በመንሽ ሰብስበው በጋሪ ይወስዱታል። ባለቤቷ በእኔ ዕድሜ ያለች፣ አጠር ደልደል ያለች ሴትዮ ናት። ራሷ ታበስላለች፤ ራሷ ታቀርባለች። ገና ስገባ ወደድኳት። ወገቧን በነጠላ ጨርቅ ጠበቅ አድርጋ ታስራለች፤ የሥራ ሰው እንደሆነች ያስታውቃል።

እኔ እንግዳ መሆን አልችልበትም። በመጀመሪያው ቀን አልጋዬን አነጠፍኩ፤ መታጠቢያ ቤቱን ወለወልኩ፤ ከዚያ ደጃፌ ላይ ያለውን አሸዋ ልጠርግ መጥረጊያ አነሳሁ። ሴትዮዋ መጥታ መጥረጊያውን ከእጄ ወሰደችው። አልተቆጣችም፤ ግን ፈገግታዋ ቀነሰ። ቤትሽ ቆሻሻ ነው ያልኳት መስሏት ኖሯል።

ከዚያ ቁርስ ሆነ። ልጄ የማታ ሺፍት ሰውነቷን አድክሞታል፤ ዕረፍት ላይ እስከ አራት ሰዓት ትተኛለች፤ ልጇም እንደ እሷ ናት። እኔ ጎህ ሳይቀድ እነቃለሁ። ስለዚህ ጠረጴዛው ላይ ብቻዬን ነኝ። ሴትዮዋ ጥቁር ባቄላ፣ እንቁላል፣ የተጠበሰ ሙዝና የበቆሎ ቂጣ የሞላበት ሳህን ይዛ መጣችና አጠገቤ ቆማ በዓይኗ ጠየቀችኝ። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ አንገቴን ነቀነቅኩ። እኔ እንዲህ ነው የተማርኩት። ሰው ቤት ማዕድ ሲቀርብልሽ መጀመሪያ በልቼ ነው የመጣሁት ትያለሽ። ባለቤቷ በሞቴ ትላለች። ኧረ ጠግቤያለሁ ትያለሽ። አፈር ስሆን ትላለች። እንግዲህ እምቢ ብል ደግሞ ነውር ነው ብለሽ እጅሽን ትዘረጊያለሽ። ሳይለመን የበላ ሰው ስሙ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን።

ሴትዮዋ ሳህኑን ይዛ ተመለሰች።

በሞቴ የለ፣ አፈር ስሆን የለ። የባቄላው ሽታ ከኋላዋ እየተጎተተ ወጥ ቤት ገባ። ተመልሳ ትመጣለች ብዬ ጠበቅኩ። መጣች፤ ጠረጴዛውን ልትወለውል ነው።

የተከፈለበት ምግብ መሆኑን አላጣሁትም። ግን ማወቅና እጅን ማዘዝ አንድ አይደለም። በማግስቱ ዓሣ ጠብሳ አመጣች። እጄ ራሱ ሄዶ ደረቴ ላይ ተቀመጠ። ተመለሰች። ቀን ቀን ልጄና ልጇ በጀልባ ይሄዳሉ፤ ማታ ማታ መንደሩ ውስጥ ወጣ ብለው ይበላሉ። ልጄ በር ላይ ቆማ፣ እማዬ ምን ላምጣልሽ ትለኛለች። ምንም፣ ጠግቤያለሁ እላለሁ። ኦኬ ብላ ትሄዳለች። ሃያ ምናምን ዓመት አሜሪካ ኖራ እሷም አንዴ ጠይቆ መተውን ተምራለች። የያዝኩትን ቆሎ የልጅ ልጄ አውሮፕላን ላይ ጨርሳዋለች። ክፍሉ ውስጥ ካለው ሳህን በቀን አንድ ሙዝ እበላለሁ፤ ሁለተኛውን ማንሳት ያሳፍረኛል፤ የሚያየኝ ሰው እኮ የለም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት በባሕሩ ዳር ሄድኩ፣ ሄድኩ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ውሃው እግሬን እየነካ ይመለሳል። ስመለስ ፀሐይዋ ወጥታ ነበር። ከሆቴሉ ትይዩ ስደርስ አረሙ ላይ ቁጭ አልኩ፤ ከዚያ ሰማዩ ዞረ።

ስነቃ አረሙን ይሰበስቡ የነበሩት ሰዎች ከበውኛል። ሴትዮዋ ቀሚሷን ሰብስባ እየሮጠች መጥታ ጣፋጭ የፍራፍሬ መጠጥ አፌ ላይ ደቀነችው። ሳልለመን ጨለጥኩት። ልጄ በሌሊት ልብሷ መጣች፤ የልጅ ልጄ ተከተለቻት። ደግፈው ጠረጴዛው ጋ አስቀመጡኝ። ልጄ የደም ሥሬን ያዘች፤ ዓይኔን ገልጣ አየች፤ እንደ በሽተኛዋ ስሜን ጠራችኝ፤ ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። የዕለቱንም በዓል ጨመርኩላት።

«በቃ» አለች። «እማዬ፣ ተነጋግረናል። አሁኑኑ ለሊዝ ቢሮው ኢሜይል አደርጋለሁ። እዚያ ብቻሽን ብትወድቂ ማን ያነሳሻል?»

ስልኳን አወጣች። አውራ ጣቷ ሲሮጥ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ፀሐይ ነው ብል ክብሬ ይተርፋል፤ ቤቴ ይሄዳል። እውነቱን ብናገር ደግሞ ሳቅ ነው፤ በተሞላ ማዕድ ፊት ተርባ የወደቀች አሮጊት። ልጇ ለሽርሽር ወስዳ አስራበቻት ብሎ የሚያወራውን ሁሉ በስሙ አውቀዋለሁ። ዕድሜዬን በሙሉ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ያልበላሁት፣ ያልተናገርኩት፣ ያልሄድኩበት ስንት ነው። ቤቴን ደግሞ ልጨምርበት?

«ርቦኝ ነው» አልኳት።

«ምን?»

«ርቦኝ ነው የወደቅኩት። ከመጣን ጀምሮ አልበላሁም።»

አውራ ጣቷ ቆመ። እየቀለድኩ መሰላት። ቀጥሎ ነርስነቷ መጣ፤ ሆድሽን ያምሻል፣ ያስመልስሻል፣ ከመቼ ጀምሮ ነው ምናምን። ምንም አያመኝም አልኳት፤ አንዴ ጠይቃ ስለሄደች ነው ብዬ ወደ ሴትዮዋ በአገጬ ጠቆምኩ። አንቺም እንደዚያው አልኳት።

«እማዬ፣ ጠግቤያለሁ ያልሽኝ አንቺ ነሽ እኮ!»

«አልኩሽ። እና አመንሽኝ? እናትሽን አታውቂያትም?»

የልጅ ልጄ ሳቋ አምልጧት አፏን ያዘች። ትምህርት ቤት ስፓኒሽ ስለተማረች ለሴትዮዋ ሁሉን ትተረጉምላት ጀመር፤ ሴትዮዋም እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ብዙ ተናገረች። ልጅቷ በተሰባበረው አማርኛዋ ወደ እኔ መለሰችው። «እማማ፣ እሷ ትላለች፣ አንቺ የእኔ ምግብ ጠላሽ። ሶ አንድ ቀን እንቁላል ሠራ፣ አንድ ቀን ዓሣ ሠራ፣ አንቺ ሁሌ ኖ። እሷ በጣም አዘነ።»

ሦስት ቀን ሙሉ ስድብ መስሏት ኖሯል። እኔ እሷን ንፉግ አደረግኳት፤ እሷ እኔን ኩሩ። ሁለት አሮጊቶች አንድ ሳህን መሃላችን አስቀምጠን ተቀያየምን።

ልጄ ግን አልሳቀችም። ወንበር ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«ይሄ እኮ ይብሳል» አለች። «ምግብ ፊትሽ ቁጭ ብሎ ትራቢያለሽ። ሶ እኔ እንዴት ብዬ ብቻሽን ልተውሽ?»

እውነት ይመስላል ነገሩ። ባሕሩን አየሁ፤ አረሙን የጫነው ጋሪ እየሄደ ነበር። ከዚያ መልሱ መጣልኝ፤ ሲመጣም በቁጣ መጣ። እኔ ቶሎ የምቆጣ ሰው አይደለሁም።

«ፎርት ዎርዝ ተርቤ አውቃለሁ?» አልኳት። «እዚያ ማን ነው ብይ የሚለኝ? ድስቴን ራሴ እከፍታለሁ፤ ጨውን ራሴ እጨምራለሁ፤ ሲያሰኘኝ ቆሜ ከድስቱ እበላለሁ። እኔን የሚርበኝ እንግዳ ስሆን ነው። አንቺ ቤት ብመጣ ደግሞ እስክሞት እንግዳ ነኝ።»

«የልጅሽ ቤት እኮ ነው።»

«የልጄ ቤት ነው። የእኔ አይደለም። ፍሪጅሽን ስከፍት ባልሽ ምን ይለኝ ይሆን እላለሁ። ማታ ስታስነጥሽ እንኳን ምን ፈልጋ ነው እላለሁ። አውቀዋለሁ ራሴን። ልጄ፣ በሰቀልሽልኝ መጋረጃ ውስጥ በረሃብ ትገድይኛለሽ፤ አንቺ ደግሞ ጠግባለች እያልሽ ትሄጃለሽ።»

ዓይኗ እንባ ሞላ፤ እኔም ክፉ ነገር እንደተናገርኩ አውቄያለሁ፤ ግን አልመለስኩትም። ይቅርታ ብል ኖሮ ቀለም ያስቀባችልኝ ክፍል ውስጥ ገብቼ ነበር። ስንቱን ነገር በይቅርታ ነው የተቀማሁት።

ሴትዮዋ በዚህ መሃል ወጥ ቤት ገብታ ተመለሰች። ባቄላው፣ እንቁላሉ፣ ቂጣው። አጠገቤ ቆማ እንደ ሁልጊዜው በዓይኗ ጠየቀች። እጄ ሊነሳ ሲል በሌላው እጄ ያዝኩትና፣ እሺ አምጪው አልኳት፣ በአማርኛ። አስቀመጠችው። በላሁ። ማንንም ኑ ሳልል፣ ቅመሱ ሳልል፣ ሳህኑ ነጭ እስኪሆን በላሁ። ጨርሼ ሳህኑን ከፍ አድርጌ ድገሚኝ አልኳት። ይህን ያደረግኩት ከተወለድኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ሴትዮዋ እየሳቀች ትከሻዬን መታችኝና ሄደች፤ ልጄ ደግሞ ሌላ ሰው እንደምታይ አየችኝ።

ቀኑን ሙሉ አኮረፈችኝ። ማታ እራት ላይ ሦስታችንም እዚያው ሆቴሉ በላን፤ ስለ ሌላ ነገር አወራን። በማግስቱ ግን ያቺን እንቅልፋም ልጄን ጎህ ሲቀድ ተነስታ ቁርስ ጠረጴዛው ላይ አገኘኋት። ፀጉሯ አልተበጠረም። ምናልባት አልተኛችም። ፈተናውን ወድቀሻል አለችኝ። ወድቄያለሁ አልኳት፤ ግን ፈተናውን ማን አውጪ አለሽ?

ጥቂት ቆየችና ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ወደ እኔ ገፋችው። የአንድ ዓመት ሊዝ ነው አለችኝ፤ እዚህ ጋ ጣትሽን ጫኚ። ከዚህ በፊት የምትጭነው እሷ ነበረች። ጣቴ ላይ የባቄላ ቅባት ነበረበት፤ በቀሚሴ ጠርጌ ጫንኩት። ምንም ድምፅ አልሰጠም። ሆነ ወይ አልኳት፤ ሆነ አለችኝ።

ከዚያ ውል ታስገባኝ ጀመር። በየቀኑ ጠዋት ትደውይልኛለሽ አለች፤ እሺ አልኩ። ውሃ ይዘሽ ትወጫለሽ፤ እሺ። ሲርብሽ ርቦኛል ትያለሽ፤ እሱንም እሺ፣ እየከበደኝም ቢሆን።

«ሩቅ አትሄጂም» አለች።

እሱን እሺ አላልኳትም። ጫማዬን አውልቄ ወደ ውሃው ሄድኩ።