እንደ አባዬ የሚራመደው ፍራሽ

እህቴን ቤት ውስጥ ቁንጥንጥ እንላታለን። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ታላቅ ወንድሟ ነኝ፤ ስለዚህ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ። በልጅነቷ አንድ ወንበር ላይ ሁለት ደቂቃ መቀመጥ የማትችል፣ ቆማ የምትበላ፣ ተኝታ እንኳ የምትራገጥ ልጅ ነበረች። ዛሬ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ በቀን ዘጠኝ ሰዓት ኮምፒውተር ፊት ንቅንቅ ሳትል ትቀመጣለች። መቁነጥነጡን ግን አልተወችውም፣ ለሌላው አስተላለፈችው። ጠርሙስ ታስጨፍራለች፣ ፊደል ታስዘልላለች፣ ክኒን ግድግዳ ላይ ታስወጣለች። ሙያዋ ሞሽን ግራፊክስ ይባላል። ሥዕሉን ትሥልና ነፍስ ዘርታበት ትለቀዋለች።

እኔ ፍሪጅ ጠጋኝ ነኝ። የኔን ሥራ ለማስረዳት ሁለት ቃል ይበቃል። የሷን ለማስረዳት ግን ቤተሰቡ በሙሉ ስንት ዓመት ፍዳውን አየ! አባዬማ ጭራሽ ተስፋ ቆርጧል። ሰው «ልጅዎ ምን ትሠራለች?» ሲለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ኮምፒውተር ላይ ናት» ይላል። አነጋገሩ ሆስፒታል የተኛች ያስመስላታል፤ ጠያቂው «እግዜር ይማራት» ሊል ምንም አይቀረውም።

ጎረቤቶቻችንም ቢሆኑ ከአባዬ አልተሻሉም። ሥራዋን የሚያውቁላት ሲቸግራቸው ነው። አንዷ ፎቶዋን ይዛ መጥታ «አገጬን ቀንሺልኝ» ትላለች፤ ሌላው «ፀጉር ጨምሪልኝ፣ ብዙ አይደለም፣ ፊት ለፊት ብቻ» ይላል። ቁንጥንጥ ሁሉንም ትሠራለች። ፀጉር አስተካካያችን ለቤቱ ያሠራትን የምትቆርጥ መቀስ አይቶ ፋርማሲው መጣ፤ ፋርማሲው ያሠራትን ክኒን አይቶ ጁስ ቤቱ መጣ። እንዲህ እንዲህ እያለች ነው የተነሳችው። ግን ሥራው ዛሬ ይመጣል፣ ሁለት ወር ይጠፋል። አባዬ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር አይገባውም። እሱ የአውቶቡስ መናኸሪያ ተቆጣጣሪ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ፊሽካውን ሲነፋ አንድ አውቶቡስ ያለሰዓቱ አስወጥቶ አያውቅም።

ስለዚህ ቀን ቆረጠላት። «እስከ ዓመቱ መጨረሻ ቋሚ ነገር ካልያዝሽ ትኬት ቢሮ ትገቢያለሽ፤ አናግሬልሻለሁ» አለ። የቅጥር ቅጹንም አምጥቶ ቡፌው ላይ የአበባ ማስቀመጫው ሥር አደረገው። ቁንጥንጥም እሺ አለች። እሺ ስትል አንዴ ቅጹን፣ አንዴ ኮምፒውተሯን እያየች ነበር።

ዓመቱ ሊያልቅ ሦስት ወር ሲቀረው አንድ የፍራሽ ፋብሪካ ሥራ ይዞ መጣ። የማስታወቂያ ኃላፊዋ ቃል የምትቆጥብ ሴት ናት። አንድ አጭር ፊልም ተሠርቶ መናኸሪያው ትልቁ ስክሪን ላይ አንድ ወር ይታያል፤ ሰው ከወደደው በየወሩ አንድ ፊልም፣ የዓመት ውል። ቁንጥንጥ «ካልወደደውስ?» ብትላት «ካልወደደውማ ደህና ሁኚ ነዋ» አለቻት።

ታሪኩን ቁንጥንጥ አወጣችው። አንድ ፍራሽ ሥራ ውሎ፣ ደክሞት፣ በመንገዱ እየተራመደ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ሲደርስም ይተኛል።

«ፍራሽ ምን ላይ ነው የሚተኛው?» አልኳት።

«ራሱ ላይ።»

«ይሄ ነገር ሰው ያሳብዳል።»

«አንተን ብቻ ነው» አለችኝ።

ፍራሹን እጅና እግር አውጥታለት ስትሥለው አንጀት የሚበላ አደረገችው። መራመዱ ላይ ግን ሥራው ተሰነካከለ። በእግሩ አይሄድም፤ ይንሳፈፋል። የዚህ ሙያ ሰዎች እንዲህ ሲገጥማቸው እውነተኛ ሰው በቪዲዮ ይቀርጹና እንቅስቃሴውን በሥዕል በሥዕል ከፋፍለው ይገለብጡታል፤ ለአንድ ሰከንድ ሃያ አምስት ሥዕል። የቤታችን ሰው ሁሉ በዚህ ተበድሏል። ለጁስ ቤቱ የሚወድቅ ብርጭቆ ስትሠራ እኔን ከሶፋ ላይ አሥራ አንድ ጊዜ ጥላኛለች። እማዬን በርበሬ አሽትታ አስነጥሳታለች። አባዬን ግን ደፍራ ጠይቃው አታውቅም። በዚህኛው ሥራም አልጠየቀችውም፤ ከሥራ ሲመለስ በመስኮት፣ መጋረጃ ተከልላ፣ በስልኳ ቀረጸችው።

የአባዬ አካሄድ ከሺህ ሰው መሃል ይለያል። ሁለት እጁ ከኋላ ይታሰራል፣ ደረቱ ይቀድማል። ቀኝ እግሩ እንደማንኛውም ሰው እግር ፈጠን ብሎ ያርፋል። ግራው ግን ከመሬት ብዙም ሳይርቅ ቀስ ብሎ ይመጣና ደልደል ብሎ ይቀመጣል፤ ከዚያ ትንሽ ቆም። ግራ ጫማው ሁልጊዜ ከቀኙ ቀድሞ ያልቃል። ሐኪም አይቶት «ምንም የለበትም» ብሏል።

እዚህ ላይ እህቴ የሠራችው ስህተት የሙያዋ ሰዎች ብቻ የሚሠሩት ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያንን እግር ስትበትነው፣ ስትቆጥረው፣ ስትገጣጥመው ከርማ፣ የማን እግር እንደሆነ ረሳችው። ሰው ያውቀዋል ብላ አላሰበችም። እኔም አጠገቧ ሆኜ አላወቅሁትም፤ ፍራሽ ነበር የሚታየኝ።

ሥራው ሲያልቅ ኮምፒውተሩ ሁሉንም አዋህዶ ፊልሙን እስኪያወጣ አንድ ሙሉ ቀን ይፈጃል። እማዬ ለእንግዳ «ፊልሙ እየበሰለ ነው» ትላለች። በዚያ ቀን ካውያ መሰካት ክልክል ነው፤ ከተሰካ ቆጣሪው ይዘላል፣ የቀኑ ልፋት ገደል ይገባል። አባዬ የደንብ ልብሱን ሳይተኩስ፣ እያጉረመረመ ሄደ። ተጨማድዶ የወጣለትን ፊልም ገና አላየውም ነበር።

ፊልሙ በወጣ በሁለተኛው ቀን መናኸሪያው ውስጥ የአንድ ኪዮስክ ፍሪጅ እየጠገንኩ ነበር። ቀና ስል ስክሪኑ ላይ ፍራሹ ይሄዳል። እጁን ከኋላ አስሯል፣ ቀኙ ፈጠን፣ ግራው ቀስ፣ ደልደል፣ ቆም። ተሰላፊው እየሳቀ ነው። ደስ አለኝ። ወዲያው ከስክሪኑ ሥር አባዬ ብቅ አለ። ላይ ፍራሹ፣ ታች አባዬ፣ እርምጃቸው እኩል ያርፋል። ሰልፉ አንዴ ላይ፣ አንዴ ታች አየ፤ ከዚያ መናኸሪያው በሳቅ ተናጋ። አንድ ሾፌር በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ «ጋሼ! እቤትዎ ገብተው ተኝተዋል እኮ፣ እዚህ ምን ይሠራሉ?» ብሎ ጮኸ።

አባዬ ቀና ብሎ እስከ መጨረሻው አየው። ከዚያ ፊሽካውን ነፋና አውቶቡሱን ከሰዓቱ አራት ደቂቃ ቀድሞ አስወጣው። ያኔ ነገሩ እንደከፋ ገባኝ።

ቤት ሲገባ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻል ነበር። ቅጹን ከአበባው ሥር አውጥቶ ኪቦርዷ ላይ አስቀመጠውና «ሙይው» ብሏት ሄደ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በስክሪኑ ሥር ላለማለፍ መናኸሪያው በኋላ በር ይገባ ጀመር። ይባስ ብሎ አንድ እሑድ ከሰዓት ኮሪደሩ ላይ ለብቻው ሲለማመድ አየነው። እጁን ከኋላ ፈትቶ፣ ግራ እግሩን እንደ ቀኙ ሊያፈጥነው ይሞክራል። ሁለት እርምጃ ይሳካለታል፤ በሦስተኛው እግሩ ወደ ልማዱ ይመለሳል። ስድሳ ዓመት ሊሞላው ምንም ያልቀረው ሰው መሄድ ሲማር ማየት ልብ ይሰብራል። ቁንጥንጥ በሩ ስንጥቅ ላይ እንደቆመች አለቀሰች። እኔ ፍሪጅ ጠጋኝ ነኝ፣ አላለቅስም፤ ወጥቼ ግን ብዙ ቆየሁ።

በማግሥቱ ፋብሪካው ድረስ ይዣት ሄድኩ። «አካሄዱን ልቀይረው» አለቻት ኃላፊዋን።

«ሰው የወደደው እሱን ነው።»

«የአባቴ ነው። ሳላስፈቅደው ነው የወሰድኩት።»

ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ቀይሪው። አዲሱን ሰው ካልወደደው ግን ውል የለም።»

«አውቃለሁ» አለች እህቴ። እኔ በክርኔ ጎሸምኳት፤ ዞር ብላም አላየችኝ።

አዲሱ አካሄድ የኔ ነው። በሁለት ቀን ቀርጻ ገለበጠችው። ኃላፊዋ አይታ «ይሄ ፍራሽ ከፖሊስ የሚሸሽ ይመስላል» አለች፤ ሌላ ጊዜ ስላልነበረ ግን ተለቀቀ። መናኸሪያው ውስጥ ማንም አልሳቀም። አንዲት ተሳፋሪ ቦርሳዋን ጠበቅ አድርጋ ስትይዝ በዓይኔ አይቻለሁ። ቁንጥንጥ ቅጹን ሞላችው፣ ፈረመችበት፣ ቡፌው ላይ መለሰችው። ኮምፒውተሯን በአንሶላ ሸፈነችው። ቤቱ ጭር አለብኝ።

በአራተኛው ቀን አባዬ ከሥራ መጥቶ ቆቡን ሳያወልቅ ሶፋው ላይ ተቀመጠ።

«ፍራሹን ምን አደረግሽው?» አላት።

«ቀየርኩት አባዬ። ሰው ሳቀብህ።»

«ሳቁብኝ፤ አፈርኩም፤ አልዋሽሽም። ዛሬ ግን ሾፌሮቹ ‹የኛ ፍራሽ የት ሄደ?› ብለው ያዙኝ። የኛ ነው ያሉት። በፊት በር ገብቼ አየሁት። ሌባ አምጥተሽ ሰቅለሻል! ማነው እሱ?»

እኔ ኮርኒሱን አየሁ።

«የበፊቱም ቢሆን ልክ አልነበረም» አለ አባዬ። «ግማሹን አስቀርተሽዋል። አካሄዴን ልቀይር ስታገል ሰንብቼ፣ እግሬ እምቢ ሲለኝ፣ ይሄን ማን አስለመደው ብዬ አሰብኩ። ነይ እስቲ፣ ጫማሽን አውልቂ።»

ግራ እግሩን ዘረጋላት። «ቁሚበት።»

«አባዬ፣ እሰብርሃለሁ!»

«ቁሚበት አልኩሽ።»

ሃያ ሰባት ዓመቷን ይዛ የአባቷ ግራ እግር ላይ ወጣች፤ ቀበቶውንም ጨበጠች። አባዬ ሄደ። ቀኙ ፈጠን፣ ግራው ቀስ፣ ደልደል፣ ቆም። የቡፌው ብርጭቆ ሁሉ ተንቀጫቀጨ። ሦስት እርምጃ ሄደው አባዬ «ኧረ አድገሻል!» ብሎ አወረዳት።

«መቆሚያም መቀመጫም አልነበረሽም» አላት እያለከለከ። «ጸጥ የምትዪው እዚህ ላይ ስትቆሚ ብቻ ነበር። ማታ ማታ ልትቀበሉኝ ስትመጡ፣ ከመናኸሪያው በር እስከ ቤት፣ አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው ያመጣሁሽ። አንቺ ትምህርት ቤት ገብተሽ ወረድሽ። ለእግሬ ግን መውረድሽን የነገረው የለም።»

ቁንጥንጥ አንሶላውን ከኮምፒውተሩ ላይ ገፈፈችው።

«እኔንስ በምኑ አመጣኸኝ?» አልኩ፣ ትንሽ ቅር ብሎኝ።

«አንተማ ሁሌም ቀድመኸን ትሮጥ ነበር። ያው እንደ ስክሪኑ።»

በሳምንቱ የአባዬ አካሄድ ወደ ፍራሹ ተመለሰ። በግራ እግሩ ላይ ግን አንዲት ትንሽ ትራስ ቆማበታለች፤ የፍራሹን ጠርዝ ጨብጣ፣ ወዲያ ወዲህ እያየች፣ ባረፈ ቁጥር ትንሽ ነጠር ትላለች። ፊልሙ በሚበስልበት ቀን አባዬ ካውያውን በገዛ እጁ ነቅሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈበትና በተጨማደደ የደንብ ልብስ ሥራ ገባ። የማስታወቂያ ኃላፊዋ ፊልሙን ሁለት ጊዜ አየችው። «ትራሷን ማን አመጣት?» ብላ ጠየቀች። «አባቴ» አለቻት እህቴ። ሴትዮዋ መነጽሯን አውልቃ ጠረገችና ውሉን አመጣች።

የተፈረመበትን የትኬት ቢሮ ቅጽ ማን እንደቀደደው አልታወቀም። እማዬን እጠረጥራለሁ።

ፊልሙ በወጣ ሰሞን ያ ኪዮስክ ፍሪጁ ደግሞ ተበላሽቶበት ሄድኩ፤ ጥገናዬ ልክ አልነበረም ማለት ነው። አባዬ በፊት በር ገባ፤ በስክሪኑ ሥር መጣ፤ እጁ ከኋላ፣ ግራው ቀስ፣ ደልደል። ሰልፍ ላይ የነበረች አንዲት ሴት ላይና ታች አየችና «ጋሼ፣ ያ እርስዎ አይደሉም እንዴ?» አለችው።

አባዬ ቆመ። ድምፁን እንደ ድሮው ዝቅ አላደረገም፤ ሾፌሮቹ ሁሉ ሰሙት።

«ትልቁ እኔ ነኝ» አለ። «ትንሿ ልጄ ናት። የሠራችውም እሷው ናት፤ ሥራዋ የቆመን ማስኬድ ነው።»

ከዚያ ሰዓቱን አየና ፊሽካውን ነፋ።